ፍሎራይድ ቫርኒሽ እንዴት ይቀባል? በአነስተኛ ክሊኒክ ለምትሠሩ የጥርስ ባለሙያዎች

ፍሎራይድ ቫርኒሽ ጥርስ እንዳይበሰብስ የሚቀባ፣ ፍሎራይድ ያለበት ሙጫ ነው። ስለሱ የሚመጣልኝ ጥያቄ ከአዘዞም ይምጣ ከደንቢያ፣ ከዳባትም ይምጣ ከጭልጋ፣ ያው ነው። «ቫርኒሹ እጃችን ገብቷል፤ ሳክሽን (ምራቅ መምጠጫ መሣሪያ) ግን የለንም። እንዴት እንቀባው? ልጁ ቢውጠውስ?» እያንዳንዱን በስልክ ስመልስ ጎንደር ላይ ያለው ወረፋዬ ይቆማል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና የሚደውልልኝን ሁሉ ወደዚህ ልላከው ብያለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ጣፋጭ በተበላ ቁጥር ጥርስ ላይ ያለው ባክቴሪያ አሲድ ይሠራል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ ኢናሜሉ፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ ካልሲየምና ፎስፌት የሚባሉ ማዕድናት ይለቃል፤ ምራቅ አሲዱን ሲያረግበው ማዕድኑ ይመለሳል። ፍሎራይድ በቦታው ካለ የሚመለሰው ይበዛል፤ አዲሱ ማዕድንም እስከ 4.5 አካባቢ ድረስ አሲድ የሚችል ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚካሄደው ጥርሱ ላይ ነው፤ ቀብታችሁ ልጁ የዋጠው ፍሎራይድ ለዚህ ሥራ አይቆጠርም። ከታች የምታነቡት ማድረቁም፣ ማቅጠኑም፣ ቆሎ መከልከሉም ፍሎራይዱን ጥርሱ ላይ ለማቆየት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 5% ሶዲየም ፍሎራይድ ቫርኒሽ፣ ማለትም 22,600 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 22,600 እጁ ፍሎራይድ)። ለአንድ ሰው ተለክቶ የታሸገው ቢገኝ ይመረጣል። በቱቦ የሚመጣው ርካሽ ነው፤ ግን እጅ ያስታል።
- ትንሽ ብሩሽ። ከታሸገው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከሌለ ማይክሮብሩሽ ይሠራል።
- ጎዝና ጥቅል ጥጥ
- የአፍ መስታወት
- ጓንትና ማስክ
- የግንባር ባትሪ። መብራት ሲጠፋ በአንድ እጅ ስልክ ይዞ በሌላው መቀባት አይቻልም፤ ሞክሬዋለሁ።
- ውኃ፣ መትፊያ ሳህንና የጥርስ ብሩሽ
- የታካሚው ካርድና እስክሪብቶ
- አልኮል ያለው ጥጥ፣ ልብስና መሣሪያ ላይ የነካውን ለማጽዳት። ቫርኒሹ ሙጫ ስለሆነ በውኃ አይለቅም።

ሳክሽን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ረስቼው አይደለም፤ አያስፈልግም።

አሠራሩ

1. መጀመሪያ እዩ። የልጁን የላይኛውን ከንፈር ከፍ አድርጉና የፊት ጥርሶቹን በጎዝ አድርቁ። ከድዱ ጋር በሚዋሰኑበት መስመር ላይ ኖራ የተቀባ የሚመስል፣ ብርሃን የማያንጸባርቅ ነጭ ሰረዝ ካገኛችሁ ጥርሱ ማዕድን እያጣ ነው፤ ግን ገና አልተቦረቦረም። ቫርኒሽ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ደረጃ ሊመለስ ይችላልና። እርጥብ ሳለ ስለማይታይ ሳታደርቁ «ጤነኛ ነው» አትበሉ። ቀዳዳ ያለውን፣ የሚያመውን፣ ድዱ ላይ ቡግንጅ ያወጣውን ለሕክምና መዝግቡት። ቫርኒሽ ቀዳዳ አይደፍንም።

ነጭ ወይም ቡናማ የሆነ ሁሉ ደግሞ ብስባሽ አይደለም። ታካሚው ያደገው በወንጂ፣ በመተሐራ ወይም በዝዋይ አካባቢ ከሆነ፣ ቀለሙም በግራና በቀኝ ተመሳሳይ ጥርሶች ላይ እኩል ተሰራጭቶ ከታየ፣ በልጅነቱ ከጠጣው የጉድጓድ ውኃ የመጣ ፍሎሮሲስ (ፍሎራይድ ሲበዛ የሚመጣ የጥርስ ቀለም መለወጥ) መሆኑን ጠርጥሩ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ፍሎራይድ አለው። ይህ ቫርኒሽ አያስከለክልም፤ ፍሎሮሲስ የሚፈጠረው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ እንጂ ከወጣ በኋላ በመቀባት አይደለም። የፍሎራይድ ክኒን ግን ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ አታስቡት።

2. ጠይቁ። አስም ኖሮበት ሆስፒታል ተኝቶ ያውቃል? ፕላስተር ሲለጠፍበት ቆዳው ይቆጣል? አብዛኛው ቫርኒሽ ኮሎፎኒ የሚባል የዛፍ ሙጫ አለው፤ የአንዳንድ ፕላስተር ማጣበቂያም ከዚያው ሙጫ ስለሚሠራ የፕላስተር አለርጂ ምልክት ይሰጣችኋል። «አዎ» ካሉ ተዉት፤ በጥርስ ሳሙናው ላይ አተኩሩ። አፉ ከቆሰለ ወይም ድዱ አብጦ ያለ ንክኪ የሚደማ ከሆነ እስኪድን ቅጠሩት። ባለፉት 3 ወራት ሌላ ቦታ ተቀብቶ እንደሆነም ጠይቁ።

እዚህ አገር አንድ ጥያቄ ይጨመራል። አንዲት እናት በዐቢይ ጾም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ጎዙን ሳነሣ እጄን ያዙኝ፤ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ጾሜን አያስገድፈኝም?» አሉ። ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የቫርኒሹ ፍርፋሪ ቀስ በቀስ ይዋጣል፤ ይህን በግልጽ ንገሯቸው። ፍርዱ የእናንተ አይደለም፤ «እማማ፣ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁና ይምጡ» በሉና ቀጠሮ ስጡ። ፈቃድ ያገኘ ሰው እስከ 9 ሰዓት የማይበላ ከሆነ የጠዋት ቅባት እንዲያውም ይስማማዋል፤ ፍሎራይዱ ያለ ምግብ 5 ሰዓት ያህል ይቆይለታል። በረመዳንም እንዲሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

3. አስቀምጡ። ትልቅ ሰው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ጋደም ይበል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ወንበሩን እርሱት። ሁለት ተራ ወንበሮች ፊት ለፊት አድርጉ፤ እናቱና እናንተ ጉልበት ለጉልበት ገጥማችሁ ተቀመጡ። ሕፃኑ ፊቱን ወደ እናቱ አድርጎ እግሮቹ በወገቧ ግራና ቀኝ ይዋሉ፤ ከዚያ ጭንቅላቱን እናንተ ጭን ላይ ታስተኙታላችሁ፤ እጆቹን እሷ ትይዛለች። እናቱን እያየ ስለሚተኛ ፍርሃቱ ይቀንሳል፣ እናንተም አፉን ከላይ ታያላችሁ። ቢያለቅስ አትደንግጡ፤ የሚያለቅስ ልጅ አፉ ክፍት ነው።

4. አጽዱ። ራሱ በብሩሽ ይቦርሽ ወይም እናንተ በጎዝ ጥረጉለት። በማሽን ማጽዳት የግድ አይደለም። የሚያስፈልገው ምግብና ወፍራም ፕላክ (ጥርስ ላይ የሚጣበቅ የባክቴሪያ ንብርብር) እንዲነሣ ነው፤ ቫርኒሹ በእንጀራ ፍርፋሪ ላይ ከተቀባ ከፍርፋሪው ጋር ይሄዳል።

5. አድርቁ፣ ግን አፉን ሁሉ በአንዴ አይደለም። አፉን በአራት ክፍል ከፍላችሁ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ። በታችኛው መንጋጋ ጀምሩ፤ ምራቅ የሚጠራቀመው ከታች ስለሆነ ቆይታችሁ ብትመጡ ተጥለቅልቆ ታገኙታላችሁ። ጥቅል ጥጡን በጉንጩና በጥርሱ መካከል አስገቡ፣ ጥርሱን በጎዝ ጥረጉ። የጥርሱ ገጽ ጠብታ ከሌለው ይበቃል። ሳክሽን የማያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ቫርኒሹ ምራቅ ሲነካው ራሱ ይጠነክራል።

6. አማስሉና ቀቡ። የታሸገውን ከከፈታችሁ በኋላ በብሩሹ በደንብ አማስሉ። ፍሎራይዱ ከሥር ይዘቅጣል፤ ሳታማስሉ ከላይ ከላይ ከቀባችሁ ለመጀመሪያው ጥርስ ሙጫ ብቻ፣ ለመጨረሻው ደግሞ ከሚገባው በላይ ትሰጣላችሁ። የወተት ጥርስ ብቻ ላለው ልጅ 0.25 ሚሊ ሊትር፣ የወተትና ቋሚ ጥርስ ለተቀላቀለበት 0.4፣ ለአዋቂ 0.5 ይበቃል። ያላችሁ 0.4 የታሸገ ብቻ ከሆነና ታካሚው ሕፃን ከሆነ ግማሽ ያህሉን ተጠቅማችሁ የቀረውን ጣሉት።

ብሩሹን በድዱ መስመር ላይ አሂዱ፣ ከዚያ በሁለት ጥርሶች መካከል ወዳለው ክፍተት ግፉት፣ በመጨረሻ የመንጋጋውን ማኘኪያ ገጽ ከነስርጉዱ ቀቡ። ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቦረቦረው በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ነው። ቀጭን ይሁን። የጥፍር ቀለም ስትቀባ ያያችኋት ሴት ካለች እሷ እንደምትቀባው አንድ ጊዜ ስባችሁ እለፉ። ቢወፍር አይጠቅምም፤ በቁራጭ ተነሥቶ ይዋጣል።

7. አፉን ዝጉት። ታካሚው ከንፈሩን ገጥሞ ትንሽ ይቆይ። አይጉመጥመጥ። የተጠራቀመ ምራቅ ካለ ይትፋ። በአየር ማድረቅ፣ አፍ ከፍቶ ደቂቃ መቁጠር አያስፈልግም፤ ያ የፍሎራይድ ጄል አሠራር ነው። በጄሉና በቫርኒሹ መካከል የሚምታታባችሁ ብዙ ናችሁ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

8. ምክሩን ለእናትየዋ ንገሩ፣ መልሳም ትንገራችሁ። ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ የራሴን ልንገራችሁ። የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ሲያለቅስ ቀባሁት፣ «ጠንካራ ነገር እንዳይበላ» ብዬ ሸኘሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ እናቱ የረሳችውን ካርድ ልትወስድ ስትመለስ ልጁ አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ይዞ ያኝካል። ማባበያ ነው የተገዛለት። አፉን ባየው ቢጫው ቫርኒሽ ከማኘኪያው ላይ ተፍቆ ከዱቄቱ ጋር ተለውሷል። እሷ አልተሳሳተችም፤ «ጠንካራ» ስል እሷ አጥንት ነው ያሰበችው። ከዚያ ወዲህ በስም እየጠራሁ ነው የምናገረው፦

- ለ4 ሰዓታት ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥሬ፣ ሸንኮራና ማስቲካ የለም። ለስላሳ ምግብ ይቻላል፤ ፍትፍት፣ ገንፎ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ሙዝ።
- ትኩስ ቡና፣ ትኩስ ሻይ፣ ትኩስ ሾርባ የለም። ሙቀት ሙጫውን ያለሰልሰዋል። ውኃ ይጠጣ።
- አልኮል ያለው መጠጥም ሆነ የአፍ መጉመጥመጫ የለም፤ ሙጫው በአልኮል ይሟሟል።
- ያን ቀን ማታ ብሩሽም መፋቂያም አይነካም። በማግስቱ ጠዋት ይቀጥል።
- ጥርሱ ቢጫ ቢመስል፣ በምላስ ሲነካ ቢሻክር አይደንገጡ፤ በማግስቱ ሲቦረሽ ይሄዳል። ነጭ ቫርኒሽም አለ፤ ያን ከቀባችሁ ይህን አትንገሩ።

9. መዝግቡና ቅጠሩ። ቀኑን፣ የቫርኒሹን ዓይነትና መጠን ካርዱ ላይ ጻፉ። አንድ ጊዜ ተቀብቶ የቀረ ቫርኒሽ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ በየ6 ወሩ፣ ነጭ ሰረዝ ወይም ብዙ የተቦረቦረ ጥርስ ላለው በየ3 ወሩ ይደገማል። «ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ» የተባለች ሴት አትመለስም። እኔ ትምህርት ሲከፈት መስከረም ላይ የቀባሁትን ልጅ «መጋቢት» ብዬ እቀጥራለሁ፤ ቶሎ መደገም ያለበትን ደግሞ ጥምቀት ሳይደርስ እንዲመለስ። ከገጠር ለሚመጡት ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ይመረጣል፤ ለገበያ መምጣታቸው አይቀርም።

ማስጠንቀቂያ

«ቢውጠውስ?» ለሚለው መልሱ ስሌት ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ቫርኒሽ ውስጥ 22.6 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ አለ። 0.25 የተቀባ ሕፃን ሁሉንም በአንዴ ቢውጠው ወደ 5.7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ለአደጋ የሚያሰጋው መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ነው፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 50 ማለት ነው። ስለዚህ በልክ የተቀባ ቫርኒሽ አያሰጋም።

የሚያሰጋው ቱቦው ነው። 10 ሚሊ ሊትር የያዘ ቱቦ 226 ሚሊ ግራም አለው። ትሪው ላይ ትታችሁት አትውጡ፤ በቁልፍ ይቀመጥ። የቤቱ የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ ነው፦ 1,000 ፒፒኤም የሆነ ሳሙና በአንድ ግራም 1 ሚሊ ግራም ስላለው፣ 50 ግራሙን ጣፋጭ መስሎት የጨረሰ የ10 ኪሎ ልጅ መስመሩ ላይ ደርሷል። ማቅለሽለሽ፣ ትውከትና የሆድ ቁርጠት ይጀምራሉ። ወተት አጠጡት፤ ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ይይዘዋል። የበላው ከ5 ሚሊ ግራም በኪሎ ከደረሰ ወይም ስንት እንደበላ ካልታወቀ ወተቱን እየሰጣችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ካልሲየሙ ከደሙ ሊወርድና ልቡን ሊያውክ ስለሚችል ክሊኒክ ውስጥ አትጠብቁት።

ጄሉን ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ። 1.23% የሆነው አሲዳማ ጄል 12,300 ፒፒኤም ነው፤ በጥርስ ቅርጽ በተሠራ ትሪ ተሞልቶ 4 ደቂቃ አፍ ውስጥ ይቆያል፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ መትፋት አያውቅም፣ የሚውጠው ብዙ ነው። የፖርሴሊን ጥርስ ላለው አዋቂም አሲዱ ገጹን ያሻክረዋል፤ ገለልተኛውን ጄል ወይም ቫርኒሹን ተጠቀሙ። ጄልና ቫርኒሽ በአንድ ቀን አይሰጡም።

38% ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የደረሳችሁ ካላችሁ፣ እሱ ሌላ መድኃኒት ነው። የተቦረቦረውን ያስቆመዋል፤ ግን ያን ቦታ ለዘለቄታው ያጠቁረዋል፣ ከንፈርና ልብስ ላይም ምልክት ይተዋል። ወላጅ ጥቁሩን በፎቶ አይቶ ሳይፈቅድ የፊት ጥርስ ላይ እንዳታስነኩት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ብዙ ቢሆን ይሻላል» ብሎ ማወፈር የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የፊት ጥርሶችን ብቻ ቀብቶ መጨረስ፤ ልጁ ሲያለቅስ እዚያው ይቆማሉ። በ6 ዓመት አካባቢ ከኋላ የሚወጣውን ቋሚ መንጋጋ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ ስርጉዱ ጥልቅ ነው፣ ቶሎ ይቦረቦራል፣ አይተካም። ልጁ የሚታገሥላችሁ ለአንድ ጥርስ ብቻ ከሆነ እሱን ቀቡ።

ነርቩ የተጋለጠ ቀዳዳ ውስጥ ቫርኒሽ መሙላትም አይቻለሁ። ያማል፤ ጥቅም የለውም።

ከሁሉ የከፋው ግን «ተቀብቶለታል፤ ከእንግዲህ አይበሰብስም» ብሎ መሸኘት ነው። ቫርኒሹ በቀናት ውስጥ ከጥርሱ ላይ ይለቃል፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ያለውን ጊዜ የሚይዘው የየቀኑ የጥርስ ሳሙና ነው። ከለስላሳና ከከረሜላ ጋርም አትታረቁ።

ለቤት የምትሰጡት ትእዛዝ

ሳሙናውን ይዘው እንዲመጡ አድርጉና ጀርባውን አንብቡላቸው። ፒፒኤም ካልተጻፈ መቶኛውን እዩ፦ ሶዲየም ፍሎራይድ 0.22% ወይም ሶዲየም ሞኖፍሎሮፎስፌት 0.76% ከሆነ 1,000 ፒፒኤም ነው፤ ሶዲየም ፍሎራይድ 0.32% ከሆነ 1,450። ከ1,000 በታች የሆነውን አታዙ። ቅጠላ ቅጠል የተሣለበት ሁሉ ፍሎራይድ አለው ማለት አይደለም፤ ስሙ ከሌለ የለውም።

መጠኑን በሳሙናው በራሱ አሳዩ። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ ያህል፤ ብሩሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሙላት የማስታወቂያ ነው። በቀን 2 ጊዜ፣ አንዱ ከመተኛት በፊት፤ ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርሱ ራሱን የሚከላከልበት አቅም ያንሳል። እስከ 7 ዓመት ድረስ ብሩሹን የሚይዘው ወላጅ ይሁን።

ከቦረሹ በኋላ አረፋውን ይትፉ፣ በውኃ ግን አይጉመጥመጡ። ይህን ስትሉ ሰው ይስቃል፤ «ሳሙና አፌ ውስጥ ትቼ?» ይላችኋል። በውኃ ሲጉመጠመጥ ፍሎራይዱ ከአረፋው ጋር እንደሚደፋ ንገሩት።

መፋቂያ የለመዱትን አዛውንት ብሩሽ ግዙ ብላችሁ አታስጨንቁ። «አባቴ፣ መፋቂያዎን አይተዉ፤ ጫፉን ብቻ ትንሽ ሳሙና ያስነኩት» በሉ። እንጨቱ ፕላኩን ያነሣል፣ ሳሙናው ፍሎራይዱን ያደርሳል። የመንጋጋውን የውስጥ ገጽ ግን መፋቂያ በደንብ ስለማይደርስበት በመስታወት እያሳያችሁ አስለምዷቸው።

ቫርኒሹ ያለቀባችሁ ቀን የቀጠራችሁትን ልጅ ባዶ እጁን አትመልሱ። ነጩን ሰረዝ ከድዱ መስመር ላይ ለእናቱ አሳዩዋት፣ ያመጣችውን ሳሙና አንብቡላት፣ እዚያው ፊታችሁ ትቦርሸው፤ ካርዱ ላይም «ቫርኒሽ አልተቀባም» ብላችሁ ጻፉ፣ ቀጣዩ ባለሙያ ተቀብቷል ብሎ እንዳይዘለው።